የማሚት አንገት የተፈታበት ቀን

ሽበሺ በአሽቀሎን ማዘጋጃ ቤት የአትክልት ሠራተኛ ነበር። ማለዳ ከሚኖርበት ሰፈር ከራማት ኤሽኮል ወጥቶ በየአደባባዩ ሣር ሲያጭድ፣ ቅርንጫፍ ሲመለምል፣ የተቀደደ የውኃ ቱቦ ሲጠግን ይውላል። ረዘም ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የሥራ ጓደኞቹ ስሙ ለአፋቸው ስለከበዳቸው «ሻቢ» ብለው አሳጠሩት፤ እሱም ሳይቀየም ተቀበለው። ወገራ ውስጥ አባቱ ማረሻ እየቀጠቀጡ ያሳደጉት፣ ኢየሩሳሌምን ሲያልም ያደገ ልጅ፣ በባሕር ዳር ከተማ አበባ ሲያጠጣ እንደሚውል ማን ነገረው!

እሱና ሚስቱ ይርገዱ የመጡት በሱዳን በኩል ነው። በእግራቸው ተጉዘው፣ መጠለያ ሰፈር ውስጥ ከርመው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረው መጡ። ስለዚያ ልጅ ሁለቱም አያነሡም። አሽቀሎን በገቡ በዓመቱ ማሚት ስትወለድ ግን ይርገዱ «እግዚአብሔር ዕንባዬን አበሰልኝ» ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሽበሺም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከረሜላ ሲያድል ዋለ።

ማሚት ዓይኗ ትልልቅ፣ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ያያት ሁሉ የሚስማት ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን «አባ» አላለችም። በሦስት ዓመቷ ስሟን ሲጠሯት ዞር አትልም፤ የቧንቧ ውኃ ጠብ ሲል ግን ከሌላ ክፍል ሆና ትሰማለች። ወዲያ ወዲህ ተብሎ፣ ብዙ በር ተንኳኩቶ፣ ሐኪሞቹ «ኦቲዝም» አሉ። ሽበሺ ቃሉን እንዳይረሳው በልቡ እየደጋገመ ቤቱ ደረሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው ይርገዱ።

«ዓለሙን የምታይበት መንገድ ከእኛ የተለየ ነው አሉ።»

«መድኃኒት አለው?»

«የለውም አሉ።»

«ይገድላል?»

«ኧረ አይገድልም።»

«እንግዲያው እናሳድጋታለን» አለችና ወደ ጀመረችው ሥራ ተመለሰች።

አሳደጓትም። ሽበሺ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ማሚትን ይዞ ወደ መናፈሻው ይወርዳል። የሣር ማጠጫው መሽከርከር ሲጀምር ልጅቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ጣቶቿን እያርገበገበች ቃል የሌለው ዜማ ታዜማለች። ዜማው የማንም አይደለም፤ ከየት እንዳመጣችው የሚያውቅ የለም። ውኃ ካየች ወደዚያ ስለምትሮጥ እጇን ለአፍታም አይለቅም። መንገደኛው ቆሞ ያያቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍረው ነበር፤ በኋላ ግን ለመደውና «የሚያይ ይይ» ብሎ ተወው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ልጅቱ ስምንት ዓመት ሞላት። በ1993 የዝናቡ ወራት አልፎ ፋሲካ ሲቃረብ ግን ቤታቸው ታመሰ። ማሚት ጉንጯን በጡጫ መምታት ጀመረች። ምግብ ሲቀርብላት ሳህኑን ትወረውራለች፤ እጇን ነክሳ ታደማለች፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ። ይርገዱ ቀን ብርቱካን በሚታሸግበት ፋብሪካ ቆማ ትውላለች፣ ሲመሽ ደግሞ የልጇን እጅ ይዛ ታድራለች። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ለሰላምታ የሚሆን ጉልበት እንኳ አጣች።

ልዩ ትምህርት ቤቱም ጠራቸው። የማሚት መምህር ኣየለት የምትባል ገና ወጣት ሴት ነበረች። «እኔ ማሚትን እወዳታለሁ፤ ግን ራሷን እየጎዳች ነው። አንድ ቀን ዓይኗን እንዳትመታ እፈራለሁ። እባካችሁ ሐኪም ይያት» አለቻቸው።

ያያት ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። በሩ ላይ ብዙ እናት ይጠብቀዋል። ማሚት ክፍሉ ውስጥ ስትጮህና ጉንጯን ስትደበድብ አየ፣ ጥቂት ጠየቀ፣ ከዚያ ሃሎፔሪዶል የሚባል ጠብታ አዘዘ። ሊታይ ስለሚችለውም ነገር በፈጣን ዕብራይስጥ አንዳንድ ነገር ተናገረ። ሽበሺ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል» የሚለውን ያዘ፤ ሌላው አመለጠው። ድገምልኝ ለማለትም ቀጣዩ ታማሚ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ጠብታው ሠራ። ማሚት ተኛች፣ ይርገዱም አጠገቧ ተኛች። ሽበሺ ጠዋት ተነሥቶ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያያቸው አምላኩን አመሰገነ።

ግን ቀናት እየተደራረቡ ሲሄዱ ልቡ ይጨነቅ ጀመር። ልጅቱ ስትራመድ እግሯን እየጎተተች ነው። እጇ ከጎኗ ተጣብቆ አይወዛወዝም። ፊቷ ላይ ደስታም ቁጣም የለም። ለሃጯ እየፈሰሰ የሸሚዟን ኮሌታ ያርሰዋል። ወንበር ላይ ብትቀመጥ ደግሞ እግሮቿ ዕረፍት የላቸውም፤ ተነሥታ ትንጎራደዳለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትነሣለች። መናፈሻው ይዟት ቢወርድ የሣር ማጠጫው ሲሽከረከር ዝም ብላ አየችው። ድምፅ የለም። ዜማው የለም።

ጎረቤቱ ግን ደስ ብሎታል። ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ፋንታነሽ ደረጃው ላይ ሲያገኟቸው፣ «ተመስገን! ልጅቱ ዳነች እኮ! እንዴት ያለች ጭምት ልጅ!» ይላሉ። ትምህርት ቤትም «ተረጋግታለች» ተባለ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሽበሺ ለሚስቱ፣ «ጭምት አልሆነችም። ተቆልፋለች» አላት።

ይርገዱ ሳህን ማጠቧን አቋርጣ ዞር አለች። «ሽበሺ፣ እጇን ይዤ የማድረው እኔ ነኝ። ደሟን የምጠርገው እኔ ነኝ። ትንሽ ልረፍ፣ ተወኝ።»

ዓይኗን ሲያይ አንጀቱን በላችው፤ ነገሩን ዋጥ አድርጎ ወጣ።

መምታቷን ደግሞ ጨርሳ አልተወችም ነበር። ማሚት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ያንኑ ጉንጯን በደካማ ጡጫ ትመታለች። ይህን ለሐኪሙ ሲነግሩት ጠብታው ከፍ እንዲል አዘዘ። ከፍ አለ።

ጠብታው ከፍ ካለ ገና ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነበር። ዓርብ ሽበሺ ሥራ የለውም፤ ይርገዱ ግን ፋብሪካ ናት። እሱ ለሰንበት አትክልት ሊገዛ ማሚትን ይዞ በአውቶቡስ ወደ ሚግዳል ገበያ ወረደ። ገና አውቶቡሱ ውስጥ ሳሉ ልጅቱ አንገቷን ወደ ግራ ታዞር ጀመር። መስኮቱን የምታይ መስሎት ዝም አለ። ሲወርዱ ግን አንገቷ አልተመለሰም። ቀስ አድርጎ በእጁ ሊያቃናው ሞከረ፤ እንደ እንጨት ደርቋል።

ገበያው ውስጥ ከአንድ ሐብሐብ ሻጭ ድንኳን ፊት ሲደርሱ ነገሩ ባሰ። የማሚት ራስ ወደ ኋላ ተቀለበሰ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቅለው ነጩ ብቻ ቀረ። መንጋጋዋ ተቆለፈ፣ ጀርባዋ ደጋን ሆነ። ሽበሺ ዘንቢሉን ጥሎ አቀፋት። ሐብሐብ ሻጩ ቢላዋውን አስቀምጦ «ውኃ! ውኃ አምጡ!» እያለ ይጮኻል፤ ሰው ከበባቸው፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ በሩቁ ይመክራል።

እማማ ፋንታነሽ እዚያው ገበያ ነበሩ። ሰውን በክርናቸው እየከፈሉ ደረሱና ልጅቱን ሲያዩ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፉ። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ! ይሄ ደኅና ነገር አይደለም፤ የያዛት ነገር አለ። ስማኝ ልጄ፣ ኔታንያ አንድ አዋቂ አሉ። የእኅቴን ልጅ እንዲሁ ስትሆን ያዳኑ እሳቸው ናቸው። ታክሲ ጥራ! ሰንበት ሳይገባ እንድረስ!»

ሽበሺ ልጅ ሳለ ወገራ ውስጥ እንዲህ ራሳቸው የተቀለበሰ፣ ዓይናቸው የተሰቀለ ሰዎች አይቷል፤ ከበሮ ሲመታላቸው፣ ጠበል ሲረጩ አይቷል። ያን ጊዜ የነበረው ፍርሃት እንዳለ ተመልሶ መጣበት። ከአፉ «እሺ» ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው።

ልክ በዚያች አፍታ የማሚት እጅ ሸሚዙን ጨበጠው። ዓይኗ ሰማይ ቢያይም፣ አንገቷ ወደ ኋላ ቢቀርም፣ ጣቶቿ የአባቷን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጭብጥ አድርገው ያዙ፣ መልሰውም ሳቡት። ልጅቱ እዚያው ናት። ታውቀዋለች። ፈርታለች፣ እሱንም እየጠራችው ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «መጀመሪያ ኩፓት ኾሊም፣ ክሊኒኩ ጋ። እዚሁ ጥግ ላይ ነው።»

«ዓርብ እኮ ነው፣ ይዘጋል!»

እሱ ግን መሮጥ ጀምሯል።

ክሊኒኩ እውነትም ሊዘጋ ነበር። ሚሪ የምትባለው ነርስ፣ አጠር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከታ ልታዞር ስትል ሽበሺ ልጁን ታቅፎ ከፊቷ ደረሰ። «አኾት! እኅቴ!» ብቻ ነበር ያለው፤ ትንፋሹ አልበቃውም።

ሚሪ አንዴ አየቻት። ቁልፉን መልሳ አዞረችና በሩን በርግዳ ከፈተች። «አስገባት፣ አልጋው ላይ። ምን መድኃኒት ትወስዳለች?»

ሽበሺ ጠብታውን ከኪሱ አወጣ፤ የእኩለ ቀኑን ሊሰጣት ይዞት ነበር። ሚሪ ጠርሙሱን በብርሃን አይታ «ራኢሳ!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች።

ዶክተር ራኢሳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ልትወጣ ነበር። ከሩሲያ ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም፤ ዕብራይስጧ ከሽበሺ ይብስ ነበር። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችና የልጅቱን አንገት ዳሰሰች፣ ዓይኖቿን አየች፣ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ ሽበሺን ቀና ብላ አየችውና ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለቀመች ተናገረች።

«አባት፣ ስማ። ይሄ በሽታ አይደለም። ይሄ ከመድኃኒት ነው። ጡንቻ ተቆለፈ። እኔ አሁን መርፌ። ይከፈታል። ገባህ?»

«ይከፈታል?»

«ይከፈታል። እኔ ብዙ አየሁ። ይከፈታል።»

ሽበሺ ከዚያ በፊት በዚያ ቋንቋ ብዙ ንግግር ሰምቷል፤ የቢሮ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የትምህርት ቤት። እንደዚያች የተሰባበረች ዐረፍተ ነገር ጥርት ብሎ የገባው ግን አልነበረም።

ሚሪ መርፌውን አዘጋጀች፣ ዶክተሯ ጭኗ ላይ ወጋቻት። ሽበሺ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የልጁን ራስ በመዳፉ ደገፈ። እማማ ፋንታነሽም ደርሰው በሩ ላይ ቆመው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። ሚሪ ወንበር ሰጠቻቸው። ከውጭ የገበያው ጩኸት ይሰማል፤ ነጋዴው ሰንበት ሳይገባ የቀረውን ለመሸጥ ዋጋ እየሰበረ ይጣራል።

ለሽበሺ ጊዜው የቆመ መሰለው። መጀመሪያ የተሰማው መዳፉ ውስጥ ነው። የደረቀው አንገት እንደ ሰም ላላ አለ። ራሷ ከበዳት፣ መዳፉ ላይ አረፈ። ከዚያ መንጋጋዋ ተላቀቀ፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ዓይኖቿ ከላይ ቀስ እያሉ ወረዱ፣ በጣሪያው አልፈው፣ በግድግዳው አልፈው፣ የአባቷ ፊት ላይ መጥተው ቆሙ። ማሚት ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ልጅ አልነበረችም። ያን ቀን ግን አየችው።

ሽበሺ ያለቀሰው ያኔ ነው። የመጀመሪያ ልጁ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ያልወጣው ዕንባ ሁሉ ወጣ። ሚሪ ጀርባውን ትመታለች፣ «በቃ፣ በቃ፣ አለፈ» ትለዋለች፤ እሷም አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

ዶክተር ራኢሳ ግን ገና አልጨረሰችም። ማሚት አፏን ከፍታ ሳለች ምላሷ አብጦ እንደሆነ ለማየት በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ግንባሯ ተኮሳተረ። ጠጋ አለች፤ አሸተተች። «ሚሪ፣ ነዪ።»

ሁለቱም አጎንብሰው አዩ።

«አባት፣ ልጅ የትኛውን ጉንጭ ትመታለች?» አለች ዶክተሯ።

«ግራውን።»

«ሁልጊዜ ግራ?»

ሽበሺ አሰበ። «ሁልጊዜ ግራ።»

«ና እይ።»

ባትሪው በሚያበራበት በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ አንድ መንጋጋ ጥርስ እስከ ሥሩ ተቦርቡሮ ጠቁሯል። ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። ሽበሺ ራሱ ሐሞት የሚያፈስ የጥርስ ሕመም ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ሥራውን ጥሎ በመዶሻ ልንቀለው ያለበት ቀን ነበር። የእሱ ልጅ ይህን አፏ ውስጥ ይዛ፣ የምትናገርበት ቃል አጥታ፣ ያለ የሌለ ጉልበቷን አሰባስባ የሚያማትን ቦታ ስትመታ ነበር የከረመችው።

«እኛ እኮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

«አንተ አላወቅህም። ትምህርት ቤት አላወቀም። ሐኪም አላወቀም። እሷ ተናገረች፤ በእጇ ተናገረች። እኛ ቋንቋ አልቻልንም» አለች ዶክተር ራኢሳ። ከዚያ ድንገት ፈገግ ብላ፣ «እኔም ቋንቋ አልችልም» አለችው። ሦስቱም ሳቁ። እማማ ፋንታነሽ ምን እንደሚያስቃቸው ባይገባቸውም ሳቁ።

ዶክተሯ እዚያው ሆና ጠብታውን ያዘዘውን ሐኪም መኖሪያ ቤቱ ደውላ አገኘችው። ሽበሺ ስልኩ ላይ የሚባባሉትን ሁሉ አልሰማም፤ ብዙ መከራከር ግን አልነበረም። ሐኪሙ ደንግጦ ጠብታው ዝቅ እንዲል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እንዲቋረጥ ተስማማ። አንገቷ ዳግም እንዳይቆለፍ የሚረዳ ክኒንም ታዘዘላት፤ የጥርስ ሐኪም ጋ የሚወስድ ወረቀትም ተጻፈ። ዶክተር ራኢሳ መድኃኒቱን አላኮሰሰችም። «ለአንዳንድ ልጅ በጣም ይረዳል። ራሱን የሚጎዳ ልጅ፣ ሌላ መንገድ የሌለው። ግን በትንሽ፣ እያዩ እያዩ። ልጅህን ግን ጎዳት። የሚያማት ደግሞ ሌላ ነበር» አለችው። ምን ምን ምልክት ሲያይ እንደሚያመጣት በእጇ እያሳየች፣ አንገቷን እያጣመመች፣ እግሯን እያንቀጠቀጠች አስረዳችው። ሽበሺ የልጁ እግር ዕረፍት ያጣውም፣ ለሃጯ የሚፈስሰውም፣ ፊቷ የደረቀውም ከዚያው ጠብታ እንደሆነ ያኔ ገባው። ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ልጁ ውስጥ ሌላ ክፉ ነገር አልገባም። የገባው ይወጣል።

ይርገዱ ከፋብሪካ ስትመለስ ማሚት አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ሽበሺ መሬት ተቀምጦ እግሯን ሲያሻሽ አገኘቻቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ስለ አንገቷ ሲነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ጠብታው ሊቋረጥ ነው ሲላት ደግሞ ፊቷ ተለወጠ።

«ከዚያስ? እንደ በፊቱ ልንሆን ነው? ሽበሺ፣ እኔ ከእንግዲህ አልችልም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አልችልም።»

«ጥርሷን ነው ይርገዱ» አላት። «ጥርሷን ነበር ያመማት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ልጇ አጠገብ ተንበርክካ ግራ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ጫፍ፣ እንደ እንቁላል እየፈራች ነካችው። «እናቴ» አለች፤ «እኔ እጅሽን ነበር እንዳትመቺ የምይዘው። እኔኮ እጅሽን ነበር የምይዘው።» ሽበሺ አብሯት ተቀመጠ። ሻማ የሚበራበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ተነሥታ ፊቷን ታጥባ አበራች።

ጥርሱን ሆስፒታል ውስጥ አስተኝተው ነቀሉላት። የነቀለው ሐኪም በጋዝ ጠቅልሎ ሲያሳያቸው ይርገዱ «ጣለው፣ አላየውም» ብላ ፊቷን አዞረች። ማሚት አንድ ሁለት ቀን አብጣ ሰነበተች፤ ከዚያ እብጠቱ ጎደለ። ጡጫዋም እንዲሁ ቆመ። በሳምንቱ መጨረሻ ሩዝ በላች፣ ደገመችም። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ጠብታው ሲቀነስ ግን ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነም። ማሚት ከንፈሯን ያለ ማቋረጥ ታኝክ፣ ምላሷን ታወጣ፣ ጣቶቿን ከወትሮው በተለየ መንገድ ታንቀሳቅስ ጀመር። ይርገዱ ደንግጣ «ሌላ መጣብን!» አለች። ሽበሺ ወደ ዶክተር ራኢሳ ሮጠ። ዶክተሯ አይታ፣ ጠብታውን ያዘዘውን ሐኪምም ጠይቃ፣ «ሰውነቷ መድኃኒቱን እየተሰናበተ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። እየመጣችሁ አሳዩኝ፣ አብረን እናያለን» አለች። እየሄዱ አሳዩዋት። ሳምንታት ፈጀ፤ ሽበሺ ሲላጭ በመስታወቱ የልጁን ከንፈር ይመለከት ነበር። የሙቀቱ ወራት ሲያልቅ ከንፈሯ ዐረፈ። ፊቷ ተመለሰ። ሲያሻት ትስቃለች፣ ሲያሻት ትቆጣለች፤ እርምጃዋም ያው የድሮ እርምጃዋ ሆነ። መናፈሻው ውስጥ እጇን ይዞ መሮጥ እንደገና ግዴታው ሆነበት፤ ላቡ በጀርባው እየወረደ «ይሄን ነበር የፈለግሁት» ይላል።

ቃል አላወጣችም። አሁንም ውኃ ስታይ ትሮጣለች፣ ጫጫታ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ኣየለት የመመገቢያ አዳራሹ ጩኸት እንደሚያውካት አስተውላ ከሌሎቹ ልጆች ቀድማ ትበላ ዘንድ አደረገች። አንድ ቀንም ሽበሺን በር ላይ አግኝታ፣ «ሻቢ፣ ያኔ ተረጋጋች ስላችሁ፣ ነገሩ ገብቶኝ አልነበረም» አለችው። እሱም «ማናችንም አልገባንም። አሁን አብረን እናያታለን» ብሎ ጨበጣት።

ኔታንያ የነበሩት አዋቂ ጉዳይም ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። እማማ ፋንታነሽ ግን የገበያውን ታሪክ ለሰፈሩ ሁሉ ተረኩት፤ በተረኩ ቁጥር መርፌዋ ትረዝማለች፣ ሩሲያዊቷ ሐኪም ትገዝፋለች። ይርገዱም አመል አወጣች፦ ቤት ውስጥ ማንም ቢነጫነጭ መጀመሪያ «አፍህን ክፈት» ማለት ሆነ ሥራዋ። ሽበሺ ከሥራ ደክሞት ገብቶ ትንሽ ከተኮሳተረ ባትሪ ይዛ ትመጣበታለች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የይርገዱ የአጎት ልጅ ሬኾቮት ውስጥ ተዳረች። ይርገዱ ሰርግ ቤት ከሄደች ዓመት አልፏት ነበር። ሄዱ፣ ሦስቱም። ማሚት ጠረጴዛ ሥር ገብታ የውኃ ጠርሙስ ስትገለባብጥ ዋለች፤ ሰው ጎንበስ እያለ ሰላም ይላታል፣ እሷም ግድ የላትም። ይርገዱ ትከሻዋን ስትመታ ሽበሺ ከዳር ቆሞ አየና፣ ይህች ሴት እንዲህ ትጨፍር ነበር እንዴ ብሎ ተገረመ። ወደ አሽቀሎን ሲመለሱ ገና ከሰዓት ነበር፣ ፀሐዩ በአውቶቡሱ መስኮት ይገባል። መጀመሪያ ማሚት ተኛች፣ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጥላ። ቀጥሎ ይርገዱ። ሽበሺ እነሱን ሊጠብቅ አስቦ ነበር፤ እሱም ተኛ። ሊወርዱበት የነበረው ሚግዳል ሲደርሱ አልሰሙም፤ አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ሲቆም ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና የሽበሺን ትከሻ ነካ አደረገ።

«ኑ፣ ሚሽፓኻ፣ ቤተሰብ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደርሰናል።»

ሽበሺ ዓይኑን ገልጦ ሚስቱንና ልጁን አየ። ሊቀሰቅሳቸው እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተወው።

«ጥቂት ደቂቃ ታገሠን» አለው ሹፌሩን።

ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ሲጋራውን ሊያጤስ ወረደ።